ራስን መመርመር የማን ዕዳ ነው?

በናይሮቢ፣ በሩንዳ፣ ለኢትዮጵያውያን ጉባኤ የተነበበ ዲስኩር



ክርስቶስ ከመወለዱ 399 ዓመት አስቀድሞ የአቴና ሰዎች ሶቅራጥስን ለሞት ፍርድ በሸንጎ ባቆሙት ጊዜ፣ ሽማግሌው ፈላስፋ ምሕረት ይለምናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ራሱን ሳይመረምር የሚኖር ሰው ኑሮው ኑሮ ሊባል እንደማይገባው ለዳኞቹ መናገሩን ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን ጽፎ አቆይቶልናል። የሶቅራጥስ ስም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ አንጋረ ፈላስፋ የሚባለው መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተመለሰ ጊዜ ስሙን ከነምክሩ ይዞልን መጥቷልና። ዛሬ ማታ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጥያቄም የእርሱው ነው፤ ይኸውም ራስን መመርመር ለመልካም ሕይወት የግድ ያስፈልጋልን? የሚል ነው።

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት ግን በፈላስፋው ላይ አንድ ክስ አለኝ። በመንዝ ወይም በጎጃም ደጋ ዕድሜውን ሁሉ አርሶ፣ ልጆች አሳድጎ፣ የተጣላውን አስታርቆ፣ የሞተውን ቀብሮ፣ እንግዳ በመጣበት ሌሊት መደቡን ለቆ ከምድጃው አጠገብ እየተኛ ያለፈ ባላገር፣ ስለ ነፍሱ ባሕርይ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ አልተፈላሰፈምና ኑሮው ከንቱ ነበረ ልንለው ነውን? እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ሞፈርና ቀንበር ያልጨበጠ፣ ምናልባትም ራቱን ማን እንዳበሰለለት ጠይቆ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሶቅራጥስም ቀኑን ሙሉ በገበያ ሲከራከር ይውል ስለ ነበረ የቤቱ ጣጣ በሚስቱ ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር፤ ስለ ምላሷ ክፉ ክፉውን የጻፉት ሰዎች ስለ ሸክሟ እምብዛም አልጻፉም።

ደግሞም ባላገሩ ሳይመረመር ኖረ ማለት እውነት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሰውን በደል በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ከፍላ ስላስተማረችው፣ ያልተነገረና ያልተሠራ ክፉ አሳብ እንኳ እንደሚያስጠይቅ ያውቅ ነበር፤ ሰባቱ አጽዋማት ተራ በተራ እየመጡ ሆዱንና ልቡን እንዲገታ ያስገድዱት ነበር፤ የንስሐ አባቱ ቤቱ ጎራ ብለው ጠበል ሲረጩ ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ ሳይጠይቁት አይሄዱም ነበር፤ በወር አንድ ቀን በሚጠጣው ማኅበርም የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ከጽዋው እንዳይቀምሱ ስለሚከለከሉ፣ ቂሙን ይዞ ወደ ቤቱ ለመመለስ የፈለገ ሰው ምክንያቱን በጎረቤቶቹ ፊት መናገር ነበረበት። እኛ ከአገር ስንወጣ ሻንጣችን ውስጥ ሳንጨምረው የቀረነው ይህን ሥርዐት ነው። አሁን የንስሐ አባት በስልክ የሚገኝበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ መስመሩም ነገሩ ጠንከር ሲል የመቋረጥ ልማድ አለው።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው የገዛ ልማዱን ሊመረምር ይችላልን? ለሚለው ጥያቄ ደግሞ በዚሁ በናይሮቢ የተሰጠ መልስ አለ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የነበሩት ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ፣ አፍሪካዊ ተረትና ምሳሌ እንጂ ፍልስፍና የለውም የሚሉትን ሊቃውንት ለመሞገት፣ ዘመናዊ ትምህርት ብዙም ወዳልነካቸው ሽማግሎች እየሄዱ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ሞት፣ ስለ ወንድና ሴት እኩልነት ጠየቋቸው፤ ያገኙትንም መልስ በ1990 በመጽሐፍ አሳተሙት። ኦሩካ ጠቢባኑን በሁለት ወገን ይከፍሏቸዋል፤ አንደኛው ወገን የአባቶቹን ልማድ አጥርቶ ዐውቆ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልማዱን ካወቀ በኋላ ይህ ለምን ሆነ፣ ቢለወጥስ ምን ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኞቹ ጥቂቶች ናቸው፤ መኖራቸው ብቻ ግን ክርክሩን ለማፍረስ ይበቃል። ኦሩካ በ1995 በመኪና አደጋ ሲሞቱ ገና የ51 ዓመት ሰው ነበሩ።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ራስን የመመርመር ዕዳ በሰው ሁሉ ላይ እኩል አይወድቅም፤ እንደ ርስት ግብር ነው፤ ብዙ ጋሻ መሬት የያዘ ብዙ፣ ጥቂት የያዘ ጥቂት ይከፍላል፤ መሬቱም በዚህ ምሳሌ በሌላ ሰው ኑሮ ላይ ያለን ሥልጣን ነው። ስሕተቱ ራሱን ብቻ የሚጎዳ ሰው ሳይመረምር ቢኖር የሚጎድልበት የራሱ ነው፤ ቃሉ ሌላውን የሚያስርና የሚፈታ፣ ቁጣው የሌላውን እንጀራ የሚያስቀር፣ መርሳቱ የሌላውን ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ሰው ግን ሳይመረምር ከኖረ፣ ኑሮው ለራሱ ምንም ያህል ቢጣፍጠው፣ የሚገባ ኑሮ ኖረ ልለው አልችልም። ሶቅራጥስን እስከዚህ ድረስ እከተለዋለሁ፤ ከዚህ አልፎ ባላገሩን ሲነካብኝ እምቢ እለዋለሁ።

ለዚህ አሳቤ ምስክር የማደርጋቸው በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ በአንድ ጠብ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎችን ነው፤ ዘመኑንም፣ በዚህ ዲስኩር ሁሉ እንደማደርገው፣ ለመግባባት እንዲመቸን በኤውሮጳ አቆጣጠር እጠራዋለሁ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀብለው፣ በ1625 ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከመጡ በኋላ ሕዝባቸውም በዐዋጅ እንዲከተላቸው ባዘዙ ጊዜ፣ አገሪቱ ተከፍላ ለዓመታት ደም ፈሰሰ። ንጉሡ ደፋርና ብርቱ፣ በመጽሐፍም የሚከራከሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ስላመኑበት ነገር ደጋግመው አስበዋል ማለት ይቻላል፤ ያላሰቡት እምነታቸው በሌላው ሰው ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ ነበር። በ1632 ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ የላስታውን የመልክአ ክርስቶስን ጦር ድል ባደረጉ ጊዜ፣ በሜዳው የወደቀው ሰው 8,000 ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱ ሬሳውን እያሳዩ፣ እኒህ የተኙት አረመኔ ወይም የባዕድ ወራሪ ሳይሆኑ የገዛ ሕዝባቸው፣ ክርስቲያኖችና የሥጋ ዘመዶች መሆናቸውን እንዳሳሰቧቸው ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ከዚያ ወዲህ ሱስንዮስ ብዙ አልቆዩም፤ የአባቶችን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሰው፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ። ይህም ምርመራ ነው፤ እውነተኛም ነው፤ ዙፋን አስለቅቋልና። ዋጋውን ግን አስቀድመው የከፈሉት በሜዳው ላይ የቀሩት ናቸው።

በዚሁ ጠብ የተሰደደ አንድ የአክሱም መምህር ነበረ። ዘርአ ያዕቆብ በ1599 በአክሱም አቅራቢያ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወልዶ፣ ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ ተምሮ በአክሱም ሲያስተምር ሳለ፣ ባላንጣው በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ እርሱም ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ብቻውን ተቀመጠ። ሰዎች ሁሉ የየራሳቸው ሃይማኖት ብቻ እውነት ነው ብለው ሲከራከሩ በመካከላቸው ዳኛ የሚሆነው ማን ነው? ብሎ የጠየቀው፣ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው የልቡና ብርሃን አለ ወደሚል መልስም የደረሰው በዚያ ነው። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ወደ እንፍራንዝ መጥቶ፣ ሀብቱ በሚባል ባለጠጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖሮ፣ በ68 ዓመቱ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ሐተታውን ጻፈ።

መጽሐፉ ክርክር ያለበት መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ሊቃውንቱ ይታዘቡኛል። ቅጂው በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር ይኖር በነበረው በጣሊያናዊው ሚስዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ለአንቷን ዳባዲ የተላከ ስለ ሆነ፣ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው ራሱ ሚስዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ፤ በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሳምነር ደግሞ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ መሆኑን በሰፊ ጥናት ተሟገቱ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ከሳምነር ወገን ነኝ። ቢሆንም ዛሬ የምወስደው ምሳሌ የትኛውም ወገን ቢረታ አይወድቅም።

የብዙ አንባቢ ልብ በዋሻው ይቀራል፤ ብቸኝነትና ጸሎት፣ ወንዝና ገደል ስላለበት ለማሰብም ያምራል። የዘርአ ያዕቆብ ምርመራ የተፈተነው ግን ከዋሻው ከወጣ በኋላ፣ በሀብቱ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ቤት ኂሩት የምትባል ገረድ ነበረች፤ መልኳ ያን ያህል እንዳልነበረ፣ ጠባይዋ ግን መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ እንደ ነበረች ራሱ ይመሰክራል። ሊያገባት በጠየቀ ጊዜ ጌታዋ ከእንግዲህ ወዲያ የአንተ ገረድ ትሁን ብሎ ሊያስረክበው ሲል፣ እርሱ የሚፈልገው ሚስት እንጂ ገረድ አለመሆኑን፣ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል ስለ ሆኑ ጌታና ገረድ ሊባሉ እንደማይገባ መለሰ። በዋሻ ሁለት ዓመት ሲብላላ የኖረ አሳብ አንዲት ሴት በምን ስም ትጠራ በሚል ጥያቄ ላይ ሲወርድ እነሆ ታያላችሁ። በአገራችን ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 መሆኑን ስታስቡ፣ ያ መልስ በዚያ ግቢ ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበረ መገመት አያዳግታችሁም። ንጉሡ ሊመረምሩ የጀመሩት ከ8,000 ሬሳ በኋላ ነው፤ ስደተኛው መምህር የተሰጠው ሥልጣን በአንዲት ገረድ ላይ ብቻ ነበረ፤ ሊቀበለው እጁን ከመዘርጋቱ በፊት መረመረው።

አገራችን ምርመራን በመንግሥት ሥራ ውስጥ ለማስገባት ያልሞከረች እንዳይመስላችሁ። ከተማሪዎች እንቅስቃሴ ጋር ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ልማድ ከነማርክስና ከነማኦ መጻሕፍት ገባ፤ ደርግ በውይይት ክበብ ሠራበት፤ ከ1991 ወዲህ ኢሕአዴግ ግምገማ ብሎ ከሚኒስቴር እስከ ቀበሌ ዘረጋው፤ በ2016 ሕዝቡ በተነሣ ጊዜም ጥልቅ ተሐድሶ ተባለ። ከእናንተ መካከል በዚያ ስብሰባ የተቀመጠ ብዙ ሰው ስላለ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አንዱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ብድግ ብሎ በሥራ ሰዓት አረፍዳለሁ፣ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከትም አለብኝ እያለ ራሱን ሲከስ፣ ሰብሳቢው ቀና ሳይል ሲጽፍ፣ የተጻፈውም ወደ ግል ማኅደሩ ሲገባ አይታችኋል። ያ ምርመራ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ነበረ፤ ከሥር ያለው ይናዘዛል፣ ከላይ ያለው ይሰማል፣ ከሁሉ በላይ ያለው የሚናዘዝለት የለውም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የንስሐ አባቱም የንስሐ አባት አለው፤ የሰማውንም ለማኅደር አይጽፍም። ዕዳው ወደ ላይ እየበዛ መሄድ ሲገባው ወደ ታች እየበዛ ስለ ወረደ፣ በዚያ አዳራሽ ስንት ዓመት ሙሉ ተገማግመን የተማርነው ነገር ቢኖር ራስን ሳይመረምሩ እንዴት እንደሚናዘዙ ነው።

አሁን ወደዚህ ወደ ተሰበሰብንበት ሰፈር ልምጣ፤ በዚህም የሚቀየመኝ ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ሩንዳ ቀድሞ የቡና ተክል የነበረ መሬት ነው፤ ዛሬ በጊጊሪ ካሉት ከተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ጎን ስለ ሆነ የዲፕሎማቶችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሹማምንት መኖሪያ ሆኗል፤ ከእኛም መካከል ዕድል የቀናቸው ገብተውበታል። ከዚህ ጥቂት ራቅ ብሎ ጊቶጎሮ የሚባል የቆርቆሮ መንደር አለ፤ ጎሕ ሲቀድ ከዚያ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሩንዳ የሚመጡት አትክልተኞች፣ ልብስ አጣቢዎችና ሞግዚቶች ናቸው። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ወደዚህ ስንገባ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ስማችንን፣ የመኪናችንን ታርጋና የገባንበትን ሰዓት በትልቁ መዝገብ ጽፎብናል። ይህ ሰው ሐተታ የሚጽፍ ቢሆን ስለ እኛ ብዙ የሚጽፈው ነበረው፤ ማን ሰላምታ ሰጥቶት እንደሚገባ፣ ማን ጥሩምባ ነፍቶ እንደሚያስደነግጠው፣ ማን ልጆቹ ፊት እንደሚሰድበው ያውቃል። በሐምሌ የናይሮቢ ብርድ እንዴት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ በዚያ ብርድ ሌሊቱን ሲያድር የሚያሞቀው ሻይ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣና ከየትኛው እንደማይወጣም ያውቃል።

በኅዳር 2013 ሳውዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ማባረር በጀመረች ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰው ባዶ እጁን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ በዓለም ዙሪያ ያለ ኢትዮጵያዊ በየኤምባሲው ደጅ ሰልፍ ወጥቶ አለቀሰ፤ ማልቀሱም ተገቢ ነበረ። የእኅቶቻችንን አቤቱታ በቃላችን እናውቀዋለን፤ ፓስፖርት መያዝ፣ ደመወዝ ማዘግየት፣ የዕረፍት ቀን መንፈግ፣ ስልክ መቀማት፣ ከሁሉ በኋላ መብላት። ይህን አቤቱታ ለአንድ ሌሊት ከቤይሩትና ከሪያድ አምጥተን በገዛ ቤታችን የጓሮ ክፍል ደጃፍ ላይ ብናነበው ስንቱን መስመር ሳንደነግጥ እናልፈዋለን? አዲስ አበባ ባለው ቤታችን ሰርቢስ ቤት የምትተኛውን ልጅ፣ እዚህም ምግባችንን የምታበስልልንን ሴት፣ ሁላችንም በአንድ ቃል እንደ ልጄ ነው የማያት እንላለን። ልጃችን ግን ገበታው ከተነሣ በኋላ በማድ ቤት ቆማ አትበላም፤ ትኩሳት ሲይዛትም ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ አትባልም። የዚያች ሴት የትውልድ መንደር ማን ይባላል? ልጆችዋ ማን ዘንድ ነው የሚያድጉት? የመጨረሻውን ጭማሪ ያገኘችው መቼ ነው? ይህን ያለ ማንም ረዳት መመለስ ያቃተው ሰው ስለ ነፍሱ ባሕርይ ብዙ ገጽ ቢያነብ፣ በየማለዳውም ዐይኑን ጨፍኖ በተመስጦ ቢቀመጥ፣ እኔ ራሱን መርምሯል አልለውም። የቤት ሠራተኞች እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የዕረፍት ቀንና የተወሰነ የሥራ ሰዓት እንዲኖራቸው የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ስምምነት ማጽደቁን ለዚህ ጉባኤ መንገር የማያስፈልግ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት እንዲህ ያለው ሰነድ በሚጻፍበትና በሚተረጎምበት መሥሪያ ቤት ነውና።

ብቻውን የሚደረግ ምርመራ ግን አደጋ አለው፤ ይህንንም ከእኛ በፊት መነኮሳቱ ዐውቀውታል። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ያነበበ ሰው፣ ውዳሴ ከንቱ የተባለው ደዌ የሚይዘው ሰነፉን ሳይሆን ተጋዳዩን መሆኑን ያስተውላል፤ ጾሙን ከፈጸመ በኋላ በመጾሙ ይመካል፣ መመካቱን ዐውቆ ሲጸጸት ደግሞ በጸጸቱ ይመካል። ስለዚህ ገዳማውያኑ ኅሊናቸውን ለአንድ አረጋዊ አባት መግለጥን ሥርዐት አደረጉ። በራሱ ላይ ብቻውን ከሳሽ፣ ጠበቃና ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ነጻ ሳይወጣ የቀረበትን ችሎት እስካሁን አልሰማሁም። ሥልጣን ላለው ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ሁለተኛ ምስክር ደግሞ ሥልጣኑ የሚያርፍበት ሰው ነው። ለሱስንዮስ ምስክር የሆኗቸው ሙታን ነበሩ። የዘርአ ያዕቆብን ሐተታ በዚህ በኩል ሳየው አንድ ጉድለት ይታየኛል፤ እርሱ ስለ ኂሩት ያሰበውን ጽፎልናል፣ ኂሩት ስለ እርሱ ያሰበችውን ግን የጻፈ የለም፤ ወልደ ሕይወትም ቢሆን ሄዶ አልጠየቃትም።

እኛ መጠየቅ እንችላለን፤ ኦሩካ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረምና። ይህ ማኅበር በዓመት ሁለት ጊዜ ስለ አዳራሽ ኪራይና ስለ በዓል ዝግጅት ሲሰበሰብ፣ አንዱን ስብሰባ በየቤታችን የሚሠሩትን ሰዎች በስዋሂሊ ለመስማት ቢያውለው፣ ሰሚውም አሠሪያቸው ያልሆነ፣ ቃላቸውን ስም ሳይጠቅስ የሚያቀርብ ሰው ቢሆን፣ እኔ ካነበብሁት ዲስኩር የሚበልጥ ሐተታ በእጃችን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕረፍት ቀንና ስለ ሻይ መናገር የፍልስፍና ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርሱን መስማት እወዳለሁ፤ መድረኩ ክፍት ነው።